የደንበኛ አካውንት በኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር ብሮውዘሩን እንዴት እናጽዳ?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ጠባሴ ባለው ጽሕፈትና ኮፒ ቤት 4 ኮምፒውተሮች አሉን። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው፤ ብሮውዘራቸው ክሮም ነው። ደንበኛ ጂሜይሉን ከፍቶ ፋይል ያወጣል፣ ቴሌግራም ዌብ ገብቶ ፎቶ ያወርዳል፣ ፋይዳውን ያሳትማል፤ የዩኒቨርሲቲ ፎርም የሚሞሉ ተማሪዎችም ብዙ ናቸው። ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ አካውንቱን ዘግቶ የሚሄደው ግን ጥቂት ነው። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የፊተኛውን ኢሜይል ተከፍቶ ያገኘዋል። ፎርም ላይ አንድ ፊደል ሲመታ ደግሞ የማያውቀው ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ከሥር ይዘረዘራል።

ማታ ማታ ሂስትሪውን እናጠፋለን፤ አካውንቶቹ ግን ጠዋትም ክፍት ናቸው። ሁሉንም እንዳናጠፋው የቤቱ ኢሜይልና ፓስወርዶችም እዚያው ናቸው። የደንበኛው ብቻ ጠፍቶ የእኛው የሚቀርበት መንገድ አለ? መብራት ድንገት ሲሄድስ?


ጣርማበር (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ ሂስትሪ ማጥፋት አካውንት አይዘጋም። ሂስትሪ የተከፈቱት ገጾች ዝርዝር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም። አካውንቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ኩኪ ነው። ደንበኛው ፓስወርዱን ሲያስገባ ድረ ገጹ ለብሮውዘሩ አንድ መለያ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ብሮውዘሩ መለያውን እያሳየ ይገባል፤ ፓስወርድ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ኩኪው ካልጠፋ ሂስትሪውን መቶ ጊዜ ብታጠፉት ጂሜይሉ ክፍት ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ስትጫኚ «ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ» የሚለው መስኮት ይመጣል። መጀመሪያ የምታዪው የጊዜውን ምርጫ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ላስት አወር» ላይ እንደቆመ ያጠፋና ጠዋት የገባው ደንበኛ ይቀራል። ማታ የምታጠፉ ከሆነ ቢያንስ «ላስት 24 አወርስ» ይሁን፤ ለመጀመሪያው ጽዳት ግን «ኦል ታይም» ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ከሥሩ ያሉትን ሳጥኖች አንድ ባንድ ልንገርሽ። «ኩኪስ ኤንድ አዘር ሳይት ዳታ» ሰውን ከየአካውንቱ የሚያስወጣው ነው፤ ቴሌግራም ዌብንም ይጨምራል። «ካሽድ ኢሜጅስ ኤንድ ፋይልስ» ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የተቀመጡ ሥዕሎችና ፋይሎች ናቸው። ይህን በየቀኑ አትንኩት። ካጠፋችሁት ሁሉም ገጽ እንደገና ከዜሮ ስለሚወርድ በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ፓኬጁ ቶሎ ያልቃል፣ ገጹም ይዘገያል፤ አካውንት በመዝጋት በኩል ደግሞ ምንም አይረዳም። «አውቶፊል ፎርም ዳታ» ያ ከሥር የሚዘረዘረው ስምና ስልክ ነው። «ፓስወርድስ» የሚለው የተቀመጡ ፓስወርዶች ናቸው፤ የቤቱ ፓስወርድ እዚያ ካለ ምልክቱን አንሺ። «ዳውንሎድ ሂስትሪ» የወረዱትን ዝርዝር ያጠፋል እንጂ ፋይሉን አይነካም።

አንድ ስም ብቻ ከፎርም ላይ ማጥፋት ከፈለግሽ መስኮት መክፈት አያስፈልግም። ዝርዝሩ ሲመጣ በታች ቀስት ስሙ ላይ ቁሚና ሺፍትና ዲሊት ተጫኚ፤ ያ መስመር ብቻ ይጠፋል። እንዳይመዘገብ ከነጭራሹ ለመከልከል ሴቲንግ፣ «አውቶፊል ኤንድ ፓስወርድስ» ገብተሽ አድራሻ የሚያስቀምጠውንም «ኦፈር ቱ ሴቭ ፓስወርድስ» የሚለውንም ዝጊ።


ጅሩ (እነዋሪ)

ጣርማበር ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ለኮፒ ቤት ግን ከተቀመጠ በኋላ ከማጥፋት መጀመሪያውኑ እንዳይቀመጥ ማድረግ ይሻላል። ቀን ሙሉ ሰው እየተለዋወጠ ማታ ቢጠፋ፣ ጠዋት 3 ሰዓት የገባውን ሰው ኢሜይል እስከ ማታ ድረስ ሁሉም ያየዋል።

ከማንኛውም ማጥፋት በፊት ግን አንድ አደጋ ልናገር። ደንበኛ ጂሜይል ሲከፍት ክሮም ራሱ በዚያ አካውንት ልግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ሳያነብ እሺ ካለ፣ ሲንክም (የአካውንቱን መረጃ በስልኩና በኮምፒውተሩ ላይ አንድ የሚያደርገው) ከበራ፣ የስልኩ ቡክማርክና ፓስወርዶቹ ወደ ኮምፒውተራችሁ ይወርዳሉ። እዚያ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ዲሊት ብላችሁ ሂስትሪና ፓስወርድ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ብታጠፉ፣ የሚጠፋው ከኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ ከሰውየው አካውንትና ከስልኩም ይጠፋል። ገጠር ያለ ደንበኛ የሁሉንም ነገር ፓስወርድ ስልኩ ላይ አስቀምጦ ቢሆን ዳግመኛ የሚያገኝበት መንገድ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት በስተቀኝ ላይኛው ጥግ ያለውን የፕሮፋይል ክብ እዩ። የደንበኛ ፎቶ ወይም ስም ካለበት መጀመሪያ ሲንኩን ዝጉ፣ አካውንቱን አስወጡ፣ ከዚያ አጥፉ።

ዳግም እንዳይደርስ ደግሞ ሴቲንግ፣ «ሲንክ ኤንድ ጉግል ሰርቪስስ» ውስጥ «አላው ክሮም ሳይን ኢን» የሚለውን ዝጉት። ያን ጊዜ ደንበኛው ጂሜይሉን እንደማንኛውም ድረ ገጽ ከፍቶ ይጠቀማል፤ ክሮም ራሱ ግን በእሱ ስም አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው። ክሮም «ጌስት» የሚባል አከፋፈት አለው። የፕሮፋይሉን ክብ ስትጫኚ ከታች ታገኚዋለሽ። በጌስት የተከፈተ መስኮት ሂስትሪ፣ ኩኪ፣ ፎርም ላይ የተጻፈ ስም አያስቀምጥም፤ የቤቱንም ቡክማርክና ፓስወርድ ለደንበኛው አያሳይም። መስኮቶቹ በሙሉ ሲዘጉ ሁሉም ይጠፋል። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የክሮም የግል መስኮትም እንዲሁ አያስቀምጥም፤ ልዩነቱ ኢንኮግኒቶ ቡክማርካችሁንና የተቀመጠ ፓስወርዳችሁን ለተቀመጠው ሰው ያቀርብለታል። ለኮፒ ቤት ጌስት ነው።

በየጊዜው ክቡን ከመፈለግ ይልቅ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ክሮም ራሱ በጌስት እንዲከፈት አድርጉ። የክሮሙን ሾርትከት በቀኝ ተጫኑ፣ «ፕሮፐርቲስ» ግቡ፣ «ታርጌት» የሚለውን ሳጥን ፈልጉ። እዚያ ያለው ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ይዘጋል። ከመጨረሻው ትእምርተ ጥቅስ ውጭ አንድ ክፍተት፣ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ፣ ከሰረዙ ጋር ተያይዞ ጌስት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ጻፉና ኦኬ በሉ። በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ ከጻፋችሁት ዊንዶውስ አልቀበልም ይላል፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አጥብቄ የምለው፦ የጌስት መስኮቶች እርስ በርስ አንድ ናቸው። ሁለት መስኮት ተከፍቶ አንዱ ብቻ ከተዘጋ ኩኪው አልጠፋም፤ ቀጣዩ ደንበኛ አዲስ የጌስት መስኮት ቢከፍት የፊተኛውን ኢሜይል ያገኛል። ታች ታስክ ባር ላይ የተደበቀ መስኮት መኖር አለመኖሩን አይቶ ሁሉንም መዝጋት የሠራተኛው ሥራ ነው። ደንበኛ ሲነሣ ወዲያው ይሁን።


የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጌስቱን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሞከርነው፤ ሾርትከቱ ሠርቷል። ሁለት ነገር ቀረብን። አንደኛ፣ አማርኛ የምንጽፍበት ኤክስቴንሽን በጌስት ጠፋ። ሁለተኛ፣ የቤቱ ኢሜይል ያለበት ክሮም አሁንም በአንድ ክሊክ ይከፈታል፤ ደንበኛው ከጌስት ወጥቶ ክቡን ቢጫን እዚያው ነው። የመብራቱም ጥያቄ እንዳለ ነው።


ጅሩ (እነዋሪ)

በጌስት ኤክስቴንሽን አይሠራም፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። አማርኛውን በብሮውዘር ሳይሆን በዊንዶውስ ላይ አድርጉት፤ የዊንዶውስን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሩ፣ ወይም ፓወር ግዕዝ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። እነዚህ ከብሮውዘሩ ውጭ ስለሆኑ በጌስትም በወርድም ይጽፋሉ።

ለቤቱ አካውንት የክሮም ፕሮፋይል መለየት አይበቃም፤ ፕሮፋይል ቁልፍ የለውም። የሚለየው የዊንዶውስ ዩዘር ነው። ሴቲንግ፣ «አካውንትስ»፣ «ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ» ግቡና «አድ ሰምዋን ኤልስ ቱ ዚስ ፒሲ» በሉ። ኢሜይል ሲጠይቅ የሰውየው መግቢያ የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር የሚለውን ምረጡ። «ደንበኛ» ብላችሁ ሰይሙት፤ ፓስወርድ አያስፈልገውም። አዲሱ ዩዘር «ስታንዳርድ» ሆኖ ይፈጠራል፤ እንደዚያው ተዉት፣ አድሚን አታድርጉት። የቤቱ ዩዘር ላይ ግን ጠንካራ ፓስወርድ አድርጉ። ያለ ፓስወርድ ከተዋችሁት ክሮም ውስጥ የተቀመጠውን ፓስወርድ ማንም የዓይኗን ምልክት ተጭኖ ያነበዋል። በቤቱ ዩዘር ስትሠሩ ከወንበር ከመነሣታችሁ በፊት የዊንዶውስ ቁልፍና ኤልን ተጫኑ፤ ይቆለፋል።

ያንን የሾርትከት ማስተካከያ አሁን በደንበኛው ዩዘር ውስጥ ድገሙት። ቀደም ብላችሁ የሠራችሁት በቤቱ ዩዘር ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ወደዚህ አይሻገርም።

መብራትን በተመለከተ፣ ጌስት እዚህም ይረዳል። ተራው ክሮም መብራት ሄዶ ሲመጣ «ሪስቶር ፔጅስ» ብሎ የፊተኛውን ደንበኛ ገጾች ልመልስ ይላል፤ አንዲት ክሊክ ናት። ጌስት ግን የሚመልሰው ነገር የለውም። በየዝጋቱ እንዲያጠፋ ተደርጎ የተስተካከለ ብሮውዘርም መብራት ሲቋረጥ በወጉ ስላልተዘጋ ማጥፋቱ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ማስተካከያ ክሮም ላይ ከተጠቀማችሁ «ሲስተም» በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ክሮም ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ዝጉት። ከጀርባ እየሠራ ከሆነ መስኮቱ ጠፋ እንጂ ክሮም አልተዘጋም፤ ኩኪውም አይጠፋም።


ቆላ ሮቢት (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ኩኪ ብዙ ተባለ፤ ከሁሉም የከፋው ግን «ዳውንሎድስ» ፎልደር ነው። ጌስትም ሆነ ኢንኮግኒቶ የወረደ ፋይል አያጠፋም። የኮፒ ቤት ዳውንሎድስ ፎልደር ሲከፈት የምታገኙት የሰው ፋይዳ፣ የፓስፖርት ስካን፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የቤት ካርታ ነው። ኢሜይል የከፈተ ሰው ደብዳቤ ያነብ ይሆናል፤ ይህን ፎልደር የወሰደ ሰው ግን በሌላው ስም ሊያጭበረብር የሚችልበት ሙሉ ሰነድ አለው። በፍላሽ ገልብጦ ለመውሰድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቴሌግራሙ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከሆነ የሚያወርደው ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ሌላ ፎልደር ነው፤ ላይኛውን ብቻ የሚያጸዳ ሰው ይህን ይዘለዋል። እንዲያውም ለደንበኛ ፕሮግራሙን አትስጡ፤ በጌስት ቴሌግራም ዌብ ይክፈት።

ሠራተኛዋ ኅትመቱ እንዳለቀ ኮንትሮልና ኤ ብላ ሁሉንም ትምረጥ፣ ሺፍትና ዲሊት ትጫን። ሺፍቱ ከሌለ ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም ይመልሰዋል። ከዚህ በተጨማሪ ዊንዶውስ ራሱ እንዲጠርግ አድርጉ፦ ሴቲንግ፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ» ውስጥ «ስቶሬጅ ሴንስ»ን አብሩ። ሪሳይክል ቢኑንም ዳውንሎድስንም በ1 ቀን ላይ አድርጉት፤ መቼ ይሥራ ለሚለው «ኤቭሪ ዴይ» ምረጡ። ይህ ማስተካከያ የሚሠራው በተከፈተው ዩዘር ላይ ስለሆነ በደንበኛው ዩዘር ውስጥ ሆናችሁ አብሩት። የቤታችሁን ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ የማስቀመጥ ልማድ ካለ ግን አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ፎልደር አውጡ።

ፋየርፎክስ ለሚጠቀሙ ደግሞ፣ ሂስትሪ ዝርዝር ውስጥ አንድ ድረ ገጽ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ፎርጌት አባውት ዚስ ሳይት» ማለት ይቻላል፤ የዚያን ገጽ ሂስትሪ፣ ኩኪና ካሽ ባንድ ላይ ያጠፋል። ጠንካራ መሣሪያ ስለሆነ ለቤቱ የምትፈልጉት ገጽ ላይ አትጫኑት።

ዲፕ ፍሪዝ የሚባለውን ፕሮግራም የሚጭኑም አሉ። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ዲስኩ ወደ ተቀመጠበት ሁኔታ ይመለሳል፤ መብራት ቢሄድም የደንበኛው ነገር አብሮ ይሄዳል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተይቦ ሲ ድራይቭ ላይ የተቀመጠ የደንበኛ ሥራም አብሮ ይጠፋል። ያልተቆለፈ ሌላ ድራይቭ ሳታዘጋጁ እንዳትጭኑት። የአንቲቫይረስና የዊንዶውስ አፕዴትም ቁልፉ ተከፍቶ ካልሆነ አይጸናም።


የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ዳውንሎድስን ከፍተን አየነው፤ እውነትም የሚያስደነግጥ ነው። ዛሬውኑ እናጸዳዋለን። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ከ4ቱ አንዱ ላይ ከትናንት ጀምሮ ጂሜይልም ሌላውም «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» ይላል። ኩኪውንም ካሹንም በ«ኦል ታይም» አጠፋን፤ ያው ነው። እስካሁን ያልገባኝ ደግሞ ከዚህ በፊት ሳይወጡ የሄዱት ሰዎች አካውንት ነገር ነው፤ ኩኪው ከጠፋ አበቃ ማለት ነው?


መሐል ሜዳ (መንዝ)

የመጀመሪያው የብሮውዘር ችግር አይደለም። የኮምፒውተሩን ሰዓትና ዓመተ ምሕረት እዪ፤ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሄዶ ይሆናል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው። ኮምፒውተሩ ዓመቱን ከተሳሳተ ሁሉም ሰርተፊኬት ገና ያልደረሰ ወይም ያለፈበት ይመስለዋል። ከማስጠንቀቂያው ሥር በትንሹ ከተጻፈው ኮድ ውስጥ «ዴት» የሚል ካለ እርግጥ ነው። ሰዓቱን አስተካክሉ፤ ይከፈታል።

መብራት በሄደ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው 3 ቮልት ናት፤ በርካሽ ትገኛለች። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማያዣዋን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉ ትዘላለች፤ ጽሑፍ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አዲሷን አስገቡ። ማስጠንቀቂያውን አልፎ «ፕሮሲድ» ማለት ግን አይገባም፤ ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ፓስወርድ አታስገቡ።

ለወደፊቱ አንድ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ሲል፣ ለምሳሌ «ቱ ሜኒ ሪዳይሬክትስ» ብሎ ሲሽከረከር ወይም ኩኪው በዛ የሚል መልእክት ሲያመጣ፣ የዚያን ገጽ ኩኪ ብቻ አጥፉ። ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጭናችሁ «ኩኪስ ኤንድ ሳይት ዳታ» ግቡ፣ ገጹን ከዝርዝሩ አጥፉ። የውጤት ወይም የምደባ ገጽ የትናንቱን ደጋግሞ ካሳየ ደግሞ ምንም ሳታጠፉ ኮንትሮልና ኤፍ 5 በሉ፤ ካሹን ዘልሎ አዲሱን ያመጣል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኩኪው ከጠፋ ከእናንተ ኮምፒውተር ማንም አይገባም። በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ግን መግቢያው እንደተመዘገበ ሊቆይ ይችላል። ቴሌግራም ዌብ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ሰውየው ስልኩ ላይ ሴቲንግ፣ «ዲቫይስስ» ቢከፍት የእናንተ ኮምፒውተር ክሮም ተዘርዝሮ ያገኘዋል። ኩኪው ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው ገልብጦት ቢሆን ኖሮ በዚያ መግቢያ መጠቀም ይቀጥላል። ስለዚህ የምታገኟቸውን ደንበኞች ስልካቸው ላይ እንዲዘጉት ንገሯቸው። ቴሌግራም ላይ እዚያው «ዲቫይስስ» ውስጥ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ይበሉ። ጂሜይል ላይ የጉግል አካውንታቸውን ከፍተው «ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ዩር ዲቫይስስ» የሚለውን ገብተው የማያውቁትን ወይም የረሱትን ኮምፒውተር «ሳይን አውት» ይበሉ። ፓስወርዱን «ሴቭ» ብሎ የሄደ ደንበኛ ካለ ይህ አይበቃውም፤ ፓስወርዱን ራሱን ይቀይር።

ፓስወርድ ማን እንዳስቀመጠ ለማወቅ ከማጥፋታችሁ በፊት «አውቶፊል ኤንድ ፓስወርድስ» ውስጥ የጉግል ፓስወርድ ማኔጀርን ክፈቱ። የድረ ገጾቹና የተጠቃሚዎቹ ስም ይታያል። የዓይኗን ምልክት አትጫኑ፤ ፓስወርዱን ማየት አያስፈልጋችሁም። የምታውቁትን ደንበኛ ስም ብቻ ይዛችሁ ደውሉለትና ከዚያ አጥፉ።